ዋስ ጥሪ

ሐምሌ 13፣ እሑድ

ዛሬ አፌ ጉድ ሠራኝ።

ከቅዳሴ ወጥተን ሰው ፓርኪንጉ ላይ ሰላምታ ሲለዋወጥ፣ ሀሴት እጄን አስለቅቃ ወደ ኋላ እየወጣ ወዳለ መኪና ሮጠች። ጮህኩ። የጮኸችው ግን ሰው ሁሉ የሚያውቃት የአዲስ አበባዋ የትምወርቅ አልነበረችም። ከሆዴ የወጣው የእናቴ አነጋገር ነው፤ ቁጣው፣ ዜማው፣ «ኧረ ልጀን!» ማለቱ፣ ሁሉም የጎጃም። ልጄን አቅፌ ቀና ስል ፀጋዬ አፉን ከፍቶ ያየኛል።

«አንቺ፣ ኮተቤ ነው ያደግኩት አላልሽም? ይሄ የትኛው ኮተቤ ነው?»

ሳቅኩ።

ፀጋዬ ኤርፖርት ታክሲ ይነዳል፤ የማኅበራችን የበዓል አዘጋጅም እሱ ነው። ለእንቁጣጣሽ የአነጋገር ውድድር አስቧል። መድረኩ የድሮ ችሎት ይሆናል፤ ከሳሽና ተከሳሽ እያንዳንዳቸው በተወለዱበት አገር አነጋገር ይሟገታሉ፤ ከየአገሩ የተመረጡ ትልልቅ ሰዎች ማን አሳምሮ እንደተናገረ ይፈርዳሉ። እሱ ራሱ የመንዝ ሰው ስለሆነ ዳኛ ሆኖ በመንዝኛው ሊያስቀን ነው። የጎንደርም የወሎም ተወዳዳሪ አግኝቷል።

«ጎጃሜ ብቻ ጠፋብኝ። ዳላስ ሙሉ ጎጃሜ አለ፤ መድረክ ስላቸው ግን ሁሉም ሺፍት አለባቸው። ሶ፣ አንቺ ነሽ ያለሽኝ!»

አይሆንም አልኩት። አስቢበት አለኝ። አላስብበትም።

ለምን ኮተቤ እንዳልኩ እዚህ መዘርዘር አልፈልግም። የትምወርቅ የምትባል፣ የሰባት ዓመት ሴት ልጅ ያላት፣ ጎጃሜ። እነዚህ ሦስቱ አንድ ላይ ከተነገሩ ለሚፈልገኝ ሰው ይበቁታል። የሀሴት አባት አንዷለም ሲያትል ነው ያለው። እዚያው ይሁንልኝ።


ሐምሌ 17፣ ሐሙስ

ነጃት ደግሞ ለካ የወሎዋ ተወዳዳሪ እሷ ናት! በብሬክ ሰዓት በቀኜ ተቀምጣ ስትለምነኝ ዋለች። ዕቃ የምናሽግበት ዌርሃውስ ውስጥ ጓደኛዬ እሷ ብቻ ናት። በቀኜ መቀመጥም ለምዳለች፤ የግራ ጆሮዬ ድሮም ደካማ ነው።

«የትሜ፣ እኔ ከሳሽ፣ አንቺ ተከሳሽ። ዶሮሽ የተሰጣ በርበሬዬን በላችብኝ ብዬ እከስሻለሁ። አንቺ ደግሞ ትክጃለሽ። አቦ፣ እስቲ እንሳቅበት!»

«ዶሮ በርበሬ አትበላም።»

«እሱን እዚያ ለዳኛው ንገሪው!»

ሳቄ አመለጠኝ። እንዲህ የሳቅኩት መቼ እንደሆነ አላስታውስም። ቀስ ብዬ፣ ቪዲዮ ከሌለ አልኩ። ነጃት እዚያው ለፀጋዬ ኮል አደረገችና ላይቭ የሚባል ነገር እንዳይኖር አስማለችልኝ። በታቦቱ ማለ።

እሺ ያልኩት ራሴ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም። ይህን ጽፌ ላስቀምጠው።


ሐምሌ 27፣ እሑድ

የመጀመሪያው ልምምድ።

እየፈራሁ ሄጄ እንዲህ ደስ ይለኛል አላልኩም። የጎንደሩ ማኑሄ ሆስፒታል ውስጥ የሚሠራ ዝምተኛ ሰው ነው። አፉን ሲከፍት ግን ስድቡ ሳይቀር ምርቃት ይመስላል፤ እያከበረ ነው የሚያዋርድህ። ነጃት ወሎን ስትጀምር አዳራሹ ተሟሟቀ። እያባበለች ትከሳለች፤ «አብሽሪ እህቴ፣ አልጣላሽም፣ በርበሬዬን ብቻ ወላሂ አምጪ!» ስትል ፀጋዬ የዳኝነት ዱላውን ጥሎ ሳቀ።

ከዚያ እኔ። ሁለት ዓመት ሙሉ ስደብቀው የኖርኩት ነገር ነው፤ ይወጣል ብዬም አላሰብኩም። «ኧኸ! እኔ ነኝ እንዴ ዶሮየን በርበሬ ያስለመድኋት?» ብዬ ስጀምር ግን የቀረው ራሱ መጣ። እናቴ ከጎረቤት ጋር ስትከራከር እንደምታደርገው እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ ነበር፤ እዚያ መቼ እንዳስቀመጥኩት አላወቅኩም።

በድሮ ችሎት ተከሳሽ ሲከራከር ዋስ ይጠራ የለ? ፀጋዬ ዱላውን መታ አድርጎ «ዋስ ጥሪ!» አለኝ። ወደ ሰዉ ዞርኩ። ሁሉም እጁን አጣጥፎ ዝም። «ለጎጃሜ ማን ዋስ ይሆናል?» አለ ፀጋዬ፤ ሳቅ ሆነ። ይህችን ለበዓሉም እንተዋት ተባለ። እኔም ሳቅኩ።

ሲያልቅ እትዬ አባይነሽ መጡ። የጎጃምን አነጋገር የሚፈርዱት እሳቸው ናቸው። ሰባ ያለፋቸው፣ ሁሉም ሰው እናቴ የሚላቸው። አገጬን ይዘው ወደ ብርሃኑ አዞሩኝ።

«ይኸ የሰከላ አፍ ነው። የማን ልጅ ነሽ?»

በእናቴ ድምፅ ነው የጠየቁኝ። የአባቴን ስም ነገርኳቸው፤ የአያቴንም፤ የሰፈሩንም።


ነሐሴ 3፣ ቅዳሜ

ለምን ነገርኳቸው? ለምን?

የተጠየቅኩት የአባቴን ስም ነው እንጂ ምሥጢር አይደለም እያልኩ ነው የዋልኩት። ማንም አሮጊት የሚጠይቀው ነው። ሳጥን ስለጥፍ ሁለቴ ተሳሳትኩ።

መኪናዬን ሁልጊዜ አፍንጫዋን ወደ መውጫው አድርጌ ነው ፓርክ የማደርገው። ዛሬ ረስቼ ገብቼ እንደገና ወጥቼ አዞርኳት።


ነሐሴ 11፣ እሑድ

ከፍልሰታ ቅዳሴ በኋላ እትዬ አባይነሽ በግራዬ መጥተው ሲጠሩኝ አልሰማሁም፤ ትከሻዬን ሲነኩኝ ዘልዬ ጮህኩ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

«ምን ሆነሽ ነው ልጀ? እኔ ነኝ! የምሥራች ልነግርሽ ነው እንጅ። ደወልሁ፣ ደወልሁ፣ ዘመድሽን አገኘሁልሽ!»

«የት?»

«አልነግርሽም። ለእንቁጣጣሽ ይመጣልሽ የለም ወይ? ከመድረክ ወርደሽ ታቅፊዋለሽ።»

ፊታቸው በርቶ ነበር። ያስደሰቱኝ መስሏቸዋል። እጃቸውን ሳምኩ፤ አመሰገንኩ። ሌላ ምን ይደረጋል?

ማን ሊሆን ይችላል? የአጎቴ ልጅ ዴንቨር አለ። እሱ ይሆናል። እሱ ነው። ግን እሱም የአንዷለም ሚዜ ወንድም ነው።

አንዷለምን ሰው እንዲጠላብኝ አልፈልግም። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሲቆጣ ነው። በኋላ ያለቅሳል፤ አበባ ይገዛል። እኔም መልስ አበዛለሁ። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ብቻ እንዳያገኘኝ።


ነሐሴ 18፣ እሑድ

ሰማሁ። በቀኝ ጆሮዬ፣ በደንብ።

የቤተ ክርስቲያኑ ኩሽና ውስጥ ድስት እያጠብኩ ነው። እትዬ አባይነሽ ከበሩ ውጭ ስልክ ያወራሉ።

«ትዳር እኮ ነው አንዷለም! ልጅ ያለበት ነገር። አንተ ሁለት ሽማግሌ ይዘህ ና። ውድድሩ ሲያልቅ እኔ አቀርባታለሁ፤ በበዓል ቀን ማን እንቢ ይላል?»

ድስቱን ጨርሼ አጠብኩ። አደረቅኩ። ቦታው ላይ ሰቀልኩ። ከዚያ መኪና ውስጥ ገብቼ በሩን ቆልፌ ተቀመጥኩ።


ነሐሴ 20፣ ማክሰኞ

ሁለት ሻንጣ አወረድኩ። ሂውስተን? አትላንታ? የትም ብሄድ የማን ልጅ ነሽ የሚል አለ።

ሀሴት ከስኩል መጥታ ሻንጣዎቹን አየች። ዞራ በቀኜ መጣች። ቁም ነገር ስታወራ ሁልጊዜ በቀኜ ነው የምትመጣው፤ ማንም አላስተማራትም።

«ማሚ፣ ሙቭ እናደርጋለን እንደገና? እኔ ጓደኛ አለኝ አሁን።»

ቀጥላ «ዳዲ መጣ?» አለችኝ። በጣም ቀስ ብላ ነው ያለችው።

ሻንጣዎቹን መልሼ ሰቀልኩ። ፈሪ እናት ናት ያለቻት። ሌላው ልጅ ስለ መጫወቻ ነው የሚጠይቀው።


ነሐሴ 25፣ እሑድ

እትዬ አባይነሽ ቤት፣ ከዳላስ ወጣ ብላ ያለችው ሮውሌት ድረስ ሄድኩ። ልነግራቸው ቆርጬ ነው የሄድኩት፤ መንገዱን ሁሉ ስለማመደው ነበር።

«እትዬ፣ የሚመጣው ሰው ማን እንደሆነ አውቄአለሁ። እባክዎ ይቅርብኝ።»

አላፈሩም። እንዲያውም ደስ አላቸው። «አወቅሽ? እንግዲያስ ቀለለኝ! ልጀ፣ ሰውየው በስልክ ሲያለቅስ ብትሰሚው።»

«ያለቅሳል፤ አውቃለሁ። ይቆጣልም።»

«የማይቆጣ ባል የት አለ? የኔው ሟች ቁጡ ነበር። አርባ ዓመት ኖርን፤ ቀበርሁት።» ይህን ሲሉ ቀኝ የእጅ አንጓቸውን እያሹ ነው። አጥንቱ ጠማማ ነው። ምን ሆነው ነው ብዬ ጠየቅኩ።

«ከበቅሎ ወድቄ ነው» አሉና ተነሥተው ቆሎ አመጡልኝ።

ቆሎውን በላሁ። የተለማመድኩትን አንዱንም ሳልናገር ተመርቄ ወጣሁ። እንዴት ያለሁ ልፍስፍስ ነኝ! ለዶሮ የሚከራከር አፍ አለኝ፤ ለራሴ የለኝም።


ጳጉሜን 2፣ እሑድ

ለነጃት ነገርኳት። ሁሉንም አይደለም፤ የሚበቃውን።

አልገረማትም። «እስክትነግሪኝ ነበር የጠበቅኩት» አለች። አቀፈችኝ።

በዓሉን ልቅር አልኳት። «ኖ። ብትቀሪ ቤትሽ ነው የሚመጣው፤ እትዬ አባይነሽ አድሬስሽን ያውቃሉ። ማለቴ፣ ቤት ውስጥ አንቺና ሀሴት ብቻ ናችሁ። አዳራሹ ውስጥ ግን ሦስት መቶ ሰው አለ። ሀሴት እናቴ ጋ ትውላለች። እኔ ስልኬን ይዤ መድረክ ላይ ካንቺ ጋር ነኝ።»

ልክ ናት። ልክ መሆኗ ግን ፍርሃቴን አላቀለለውም።


መስከረም 3፣ ቅዳሜ

ማኅበሩ እንቁጣጣሽን የሚያከብረው ዛሬ ቅዳሜ ነው። ሀሴትን አድርሻለሁ። ቀሚሴን ለብሻለሁ። ምናልባት በረራው ይሰረዝ ይሆናል። ምናልባት ይታመም ይሆናል። በአዲስ ዓመት እንዲህ ያለ ጸሎት ይጸለያል?

ነጃት ከታች ሆርን እያደረገች ነው።


መስከረም 4፣ እሑድ

ትናንት ማታ ልጽፍ አልቻልኩም። ዛሬ ሀሴት አጠገቤ ተኝታለች፤ ቀስ ብዬ ልሞክር።

አዳራሹ ሞልቶ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ማኑሄ ጎንደርን እንደ ማር አወረደው፤ እናቶች እልል አሉለት። ፀጋዬ ዳኛ ሆኖ «ምነው ሸዋ!» ባለ ቁጥር ሰዉ ይፈነዳል። ልጆች ሳይቀሩ፣ እንግሊዝኛ ብቻ የሚናገሩት፣ የወሎን ዜማ እየቀዱ ይስቁ ነበር። በሌላ ቀን ቢሆን ምንኛ ደስ ይለኝ ነበር።

ተራችን ሲደርስ ወጣን። ነጃት በቀኜ ቆመች። ክሷን ጀመረች፤ ሰዉ ሳቀ። እኔ ፊቶቹን ሳይ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጧል። ሱፍ ለብሷል። ከግራና ከቀኙ ነጠላ የለበሱ ሁለት ሽማግሌዎች። ፈገግ ብሎ ያየኛል። ነጃት ስትጨርስ ከሁሉ በላይ ያጨበጨበው እሱ ነው። ያንን እጅ አውቀዋለሁ።

የማስታውሰው ነጃት ክንዴን መያዟን ነው። ከዚያ ያ ፓርኪንጉ ላይ የሆነው ነገር ሆነ፤ ስደነግጥ የሚወጣው አፍ ወጣ።

«ጌታየ ዳኛ፣ ዶሮዋን አልካድሁም። የበርበሬውን ዋጋ እከፍላለሁ። እኔ ግን ሌላ ክስ አለኝ።»

ፀጋዬ አዲስ ጨዋታ ያመጣሁ መስሎት ደስ አለው። «ተከሳሽ ከሳሽ ሆነች! በይ ተናገሪ!»

«ባሌን ነው የምከሰው።»

ሳቁ ጨመረ። አንዷለምም ሳቀ።

«ሲያትል በሚሉት አገር፣ በገዛ ቤቴ፣ ግራ ጆሮየን መታኝ። ደም ወረደኝ። ሽማግሌ ላከ፤ ታረቅሁ። ዳግመኛ እዚያው ላይ መታኝ፤ ዳግመኛ ሽማግሌ መጣ፤ ዳግመኛ ታረቅሁ። ከዚያ ወዲህ በዚህ ጆሮየ ልጀ ብትጠራኝ አልሰማም። ሦስተኛውን ልጀ ፊት ሲያደርገው ይዣት ወጣሁ። ዛሬም ሽማግሌ ይዞ መጥቷል፤ ይኸው ተቀምጧል። እኔ ግን አልታረቅም። ክሴ ይኸ ነው።»

መጀመሪያ የሴቶቹ ሳቅ ቆመ። የወንዶቹ ትንሽ ቆየ። በመጨረሻ የአንድ ሰው ሳቅ ብቻ ቀረና እሱም ቆመ።

አንዷለም ተነሣ። «ድራማ እኮ ነው» አለ ዙሪያውን እያየ፣ ፈገግ ብሎ። «ጥሩ አክት ታደርጋለች።» የሳቀለት የለም።

ፀጋዬ ዱላውን ይዞ ደርቋል። የሚለው ሲጠፋው ነው መሰለኝ የለመደው ቃል ከአፉ የወጣ።

«ዋስ... ዋስ ጥሪ።»

ወደ ሰዉ ዞርሁ። በልምምድ ጊዜ ሁሉም ዝም የሚልበት ቦታ ይህ ነው። ሁሉም ዝም አለ። የምጠራው ስም አልነበረኝም።

ከዳኞቹ ጠረጴዛ ወንበር ተንቋቋ። እትዬ አባይነሽ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ጠረጴዛውን በዚያች ጠማማ እጃቸው ተደግፈው ተነሡ።

«እኔ ነኝ ዋሷ። ያስመጣሁትም እኔ ነኝ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።» ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ። «እናንተ ሰዎች፣ ልጅቱ አልታረቅም ብላለች። ይዛችሁት ውጡ።»

አንደኛው ሽማግሌ ነጠላውን አጣፍቶ ተነሣ። ሌላው አንገቱን ደፍቶ ተከተለ። አንዷለም ትንሽ ቆመ። ሲወጣ መንገድ የለቀቀለት አልነበረም፤ በሰው መሀል እየተጋፋ ነው የወጣ። እኔ ላይ እንዳፈጠጠ ነበር። ያ ፊት አሁንም ዓይኔን ስጨፍን ይመጣል።

ነጃት ፖሊስ ኮል አድርጋ ነበር። ፖሊሱ ሲደርስ እሱ የለም። ውጭ ጨልሟል፤ ፓርኪንጉ ትልቅ ነው፤ መኪኖቹ ሁሉ ጥቁር መሰሉኝ። ነጃት መኪናዋን ልታቀርብ ቀድማ ሄደች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ መውጣት አቃተኝ።

እትዬ አባይነሽ አጠገቤ መጥተው ቆሙ። «የማትሰሚው በየት በኩል ነው?»

በግራየ አልኋቸው።

ዞረው በግራየ ቆሙና ክንዴን ያዙ።


መስከረም 5፣ ሰኞ

ጠዋት ፍርድ ቤት ሄድን። እውነተኛው ፍርድ ቤት። እንዳይቀርበኝ የሚከለክል ትእዛዝ ልጠይቅ ነው። ነጃት ሺፍቷን ትታ ነዳች። የቅዳሜውን ዋንጫ ለወሎ ሰጥተዋታል፤ ዳሽቦርዱ ላይ አቁማዋለች። ዶሮየ ግን በርበሬዋን አልበላችም፤ ይህን እስከ መጨረሻው እክዳለሁ።

እትዬ አባይነሽ ከኋላ ተቀምጠዋል። ልንደርስ ስንል ማንም ሳይጠይቃቸው «ከበቅሎ አልወደቅሁም» አሉ። ነጃትም እኔም ዞረን አላየናቸውም።

እፈራለሁ። አንዷለም የት እንዳለ አላውቅም፤ ሲያትል ይመለስ ወይ እዚህ ሆቴል ይቀመጥ። ትእዛዙም ወረቀት ነው። ሀሴትን ከስኩል ማን እንደሚያወጣት ሦስቴ አረጋገጥሁ።

ከፓርኪንጉ እስከ ፍርድ ቤቱ በር መንገዱ ረጅም ነው፤ ሰው ይበዛዋል። እንዲህ ባለ ቦታ በሁለት እርምጃ አንዴ ወደ ግራ እዞራለሁ፤ አንገቴ እስኪያመኝ። ዛሬ እትዬ አባይነሽ በዚያ በኩል ነጠላቸውን አደግድገው ቀስ እያሉ ይሄዱ ነበር። በሩ ጋ ስንደርስ ነው ያስታወስሁት። አንዴም አልዞርሁም።